በደመወዝ ጉዳይ ዝም ይነቅዛል

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አባቶቻችን። ከአፍ የወጣ ቃል አይመለስምና ዝም ያለ ሰው አይጸጸትም ለማለት ነው። ተረቱን አንነቅፍም። በጎረቤት ጠብ፣ በዕድር ስብሰባ፣ በፍቅር ነገር ሳይቀር ስንቱን ሰው አድኗል። በደመወዝ ነገር ግን ዝም ይነቅዛል፤ ያውም በስድስት ወር ውስጥ ነቅዞ ዱቄት ይሆናል። ይህን የተረዳነው በዚህ ዓመት ነው፤ ጽሑፉን አዘጋጅተን በግድግዳችን ላይ እንድንለጥፍ ያነሳሳንም ይኸው ነው።

እኛ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን የምንኖር አራት ሠልጣኞች ነን። ሁለታችን ከሻምቡ በኩል፣ አንዳችን ከነጆ፣ አንዳችን ከጊምቢ ነው የመጣነው። ማታ ማታ ሽሮው እስኪበስል ድረስ ወሬያችን ስለ መጀመሪያው ደመወዝ ነው። አንዱ ለእናቱ ጋቢ ይገዛል፣ አንዱ ስልክ ይቀይራል፣ አንዱ ደግሞ ገና ያልተቀበለውን ደመወዝ ለእቁብ መድቦ ጨርሷል። ደመወዝ ሊዘገይ፣ ሊቀነስ፣ ስሙ ሊቀየር ይችላል የሚል ግን ከመካከላችን አልነበረም። በትምህርታችንም ቢሆን የትምህርት ዕቅድ አወጣጥን፣ የክፍል አያያዝን፣ የሕፃናትን ሥነ ልቦና እንማራለን እንጂ የፔሮል አነባበብ የሚባል ትምህርት የለንም። ይህንንም የምንለው መምህሮቻችንን ለመውቀስ አይደለም።

«ደመወዝ» የሚለውን ቃል ሽማግሌዎች ሲፈቱት ደምና ወዝ ነው ይላሉ። ፍቺው የሊቃውንት ይሁን የጨዋታ እነሱ ያውቃሉ፤ ሰው ግን የሚያምንበት ያለ ምክንያት አይመስለንም።

የቤት አከራያችን፣ እኛ «አዮ» እያልን የምንጠራቸው እናት፣ መምህርት የሆነች ልጅ አለቻቸው። ከወለጋ ከተሞች በአንዱ በሚገኝ የግል ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። አንድ ማታ ወሬያችንን ከደጅ ሰምታ ገባችና «ደመወዝ መቀበል እኮ አንድ ነገር ነው፤ የተቀበላችሁትን ማወቅ ሌላ ነገር ነው» ብላ የራሷን ታሪክ አጫወተችን። ፈቅዳልን ነው የምንጽፈው፤ የትምህርት ቤቱን ስም ግን አንጠራም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባ ተብሎ በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የእሷ ደመወዝ በወር 2,800 ብር ነበር። የመጋቢት ሙሉ ተከፈላት። ሚያዝያ ላይ ገንዘብ ያዡ ደውሎ «ነይ ፈርሚ» አላት። ሄደች። በፔሮሉ ላይ ከስሟ አንጻር 1,400 ብር ተጽፏል። «ይኼ ምንድነው?» ብትል፣ «ባለቤቱ ነው ያለው፤ ሁላችሁም እንደዚሁ ናችሁ» የሚል መልስ ተሰጣት። ከእሷ በላይ ስምንት መምህራን ፈርመዋል። እሷም ፈረመች። ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴም እንዲሁ በግማሽ አለፉ። መስከረም ላይ ምዝገባ ሲጀመር ደመወዙ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ስለ አምስቱ ወር ግን ያነሳ ሰው የለም። አንድ ነገር ልብ በሉልን፤ በነዚህ ወራት ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ለተማሪዎቿ የመልመጃ ወረቀት እያዘጋጀች በቴሌግራም ትልክ፣ ስልክ ለሌላቸው ደግሞ በወላጆቻቸው እጅ ታደርስ ነበር።

ለምን አልጠየቃችሁም አልናት። «ምን ብለን? ፈርመናል እኮ!» አለችን።

ውድ አንባቢያን፣ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ከኮሌጅ ስልክ ላይ አውርደን አንቀጽ በአንቀጽ አነበብነው፤ አማርኛው አንዳንድ ቦታ ከሰዋስው ትምህርታችን ይከብዳል፤ ግን ይነበባል። አንቀጽ 59 አሠሪ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ሊቀንስ የሚችልባቸውን ምክንያቶች ይቆጥራል፦ ሕግ ካዘዘ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ካለ፣ ፍርድ ቤት ከወሰነ፣ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ከተስማማ። ሲቀነስም በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ከሲሶው መብለጥ የለበትም። የ2,800 ብር ሲሶ 933 ብር ከምናምን ነው። ከመምህርቷ ግን በየወሩ 1,400 ብር ነው የቀረው።

«ታዲያ ፊርማዋስ?» ትሉ ይሆናል። እኛም ያልነው ይህንኑ ነው። አንቀጽ 60 ግን አሠሪው የደመወዝ መክፈያ መዝገብ እንዲይዝ፣ ጠቅላላውን ደመወዝ፣ የተቀነሰውንና ምክንያቱን፣ የተጣራውንም እንዲጽፍበት፣ ሠራተኛው ሲጠይቅ መዝገቡን አሳይቶ እንዲያስረዳው ካዘዘ በኋላ አንድ ድንቅ ነገር ይጨምራል። ሠራተኛው በመዝገቡ ላይ የተጻፈውን ገንዘብ ሳይቃወም መቀበሉ ቀሪውን መብቱን እንደተወ አያስቆጥርበትም ይላል። ማለትም የፔሮል ፊርማ «ይህን ያህል ብር እጄ ገብቷል» የሚል ምስክር ነው እንጂ «የቀረውን ምሬያለሁ» የሚል ቃል አይደለም። ስምምነት ሌላ ወረቀት ነው። «ደመወዜ ከዚህ ወደዚህ እንዲወርድ ተስማምቻለሁ» የሚል ጽሑፍ ላይ የፈረመ ሰው ተስማምቷል። ፔሮል ላይ የፈረመ ሰው የተቀበለውን ብቻ ነው የመሰከረው። ሁለቱ ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ሲቀርቡ ግን ይመሳሰላሉ፤ እስክሪብቶውም ያው ነው። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ራስጌ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው።

እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ቀጥሎ ያለው ነው የከበደን። የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ፊርማዋ ያልገደለውን መብት ዝምታዋ ይገድለዋል ማለት ነው። ይርጋውም በአንድነት ሳይሆን ወር በወር ነው የሚቆጠረው። የሚያዝያ ደመወዝ በጥቅምት መጨረሻ፣ የግንቦት በኅዳር መጨረሻ ይሞታል።

የአዮ ልጅ ይህን የሰማችው መቼ መሰላችሁ? በገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚማር የእኅቷ ልጅ ለበዓል መጣና ዶሮው ላይ ቁጭ ብለው ሲጫወቱ ነገሩ ተነሣ። ልጁ በጣቱ ቆጠረና «አክስቴ፣ ሚያዝያና ግንቦት ሞተዋል። ሰኔ ነገ ያበቃል» አላት። ነገ! በማግስቱ ዓርብ የሥራ ቀን ነበር። ስልክ ስትደውል አንዱ ባልደረባዋ ለበዓል ገጠር ወርዷል፣ አንዷ «ባለቤቴን ላማክር» አለች፣ አንዱ ደግሞ «ከሥራ ቢያባርረንስ?» አለ። ሰኔም ቀኑ አለፈ። ከዘጠኙ መምህራን አራቱ በሚቀጥለው ሳምንት ማመልከቻ ጽፈው ወደ ከተማው የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ገቡ። ባለቤቱ ተጠርቶ መጣ። ብዙ ተባለ። በመጨረሻ የሐምሌና የነሐሴ ቀሪ፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ 1,400 ብር፣ በሁለት ዙር እንዲከፈል በጽሑፍ ተስማሙና ተከፈለ። የሦስቱ ወር 4,200 ብር ቀረ። ያልሄዱት አምስቱ ምንም አላገኙም።

ስለ ባለቤቱም እውነቱን መናገር ይገባል። ሰውየው ክፉ አልነበሩም ትላለች። ወላጆች መክፈል አቁመው ነበር፤ የቤት ኪራዩ ግን አልቆመም። የትምህርት ሚኒስቴር በዚያ ሰሞን የግል ትምህርት ቤቶች ከወርሃዊ ክፍያቸው ከ50 እስከ 75 በመቶ ብቻ እንዲያስከፍሉ፣ የመምህራኑን ደመወዝ ግን እንዲከፍሉ አሳስቦ ነበር፤ ይህን በተግባር ማዋል በነቀምቴና በዙሪያዋ ከተሞች ለሚገኝ ትንሽ ትምህርት ቤት ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ሕጉ ለአሠሪውም በር አልዘጋበትም። ከአቅም በላይ የሆነ ችግር ወይም ያላሰበው የገንዘብ እጦት ሲገጥመው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስታውቆ፣ ሲፈቀድለት ሥራውን እስከ 90 ቀን ማገድ ይችላል። ወይም መምህራኑን ሰብስቦ «ቤቴ ባዶ ነው፤ ለሦስት ወር በዚህ ተስማሙልኝ» ብሎ በጽሑፍ መዋዋል ይችል ነበር። የአዮ ልጅ «ቢጠይቁን እኮ እሺ እንል ነበር» ነው ያለችው። እሷን ያሳዘናት የገንዘቡ ማነስ ብቻ ሳይሆን የማንንም ቃል ሳይጠይቁ ቁጥሩን ቀይረው «ፈርሚ» ማለታቸው ነው። በዚህ በኩል ከእሷ ጋር ነን።

ከጊምቢ የመጣው ጓደኛችን ደግሞ ይህን ሲሰማ ትዝ ያለው የቡና ለቀማ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለ በጥቅምትና በኅዳር ቅዳሜና እሑድ እሸት ቡና ይለቅም ነበር። ሂሳቡ በኪሎ ነው። መጀመሪያ የተነገራቸው አንድ ዋጋ፣ በክፍያው ቀን የተሰጣቸው ሌላ ዋጋ። ካቦው «ገበያ ወርዷል» አለ። ውል የሚባል ወረቀት ስላልነበረ ሁሉም ተቀብሎ ሄደ። አዋጁ ግን የሥራ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት አይልም፤ የቃል ውልም ውል ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው ዋና ዋና ነጥቦቹን ጽፎና ፈርሞ በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ገበያው ሲወርድ ኪሳራው የነጋዴው ነው፤ ሲወጣ ለለቃሚው ጨምሬልሃለሁ ያለ ካቦ አላየንም!

ይህ ሁሉ የግል ሥራ ነው፤ እኛ ግን አብዛኞቻችን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ነው የምንመደበው። እዚያ አዋጅ 1156 አይሠራም። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው፤ ክልሎችም የየራሳቸውን ያወጣሉ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ላይ ያነበብነው ሐሳብ ግን ከላይ ካየነው ብዙ አይርቅም፦ ደመወዝ ይቆረጥ የነበረው ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ ወይም ሕግ ሲደነግግ ነበር።

«በጽሑፍ ሲስማማ» የሚለውን ቃል እንያዘው። በ2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ መሠረት ሲጣል በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ተደርጎ ሠራተኛው የአንድ ወር ደመወዙን በ12 ወር እየተቆረጠ ቦንድ እንዲገዛበት ተወስኖ ነበር። የአንዳችን አባት ያን ጊዜ መምህር ነበሩ። በደስታ እንደሰጡ ነው የሚናገሩት፤ ግድቡ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅም ከቴሌቪዥኑ ፊት አልተነሡም። ሂሳቡም ቢሆን በየወሩ አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው፤ ከሲሶ በጣም ያነሰ ነው። ግን በስብሰባው ላይ ዝም ያሉም ነበሩ ይላሉ። አዳራሽ ውስጥ እጅ ማውጣት በጽሑፍ መስማማት ነው ወይ? እጁን ያላወጣውስ ሰው? ለግድቡ መስጠቱ መልካም ነው፤ ሆኖም መልካም ለሆነ ነገርም ቢሆን ፈቃድ የሚጠየቀው እያንዳንዱ ሰው ነው እንጂ አዳራሹ አይደለም ብለን እናምናለን። ለግድብ የለመደ እጅ ለሌላውም መዋጮ መዘርጋቱ አይቀርም።

ከመቀነስም የባሰ አለ፤ ጭራሽ አለመከፈል። በትግራይ ጦርነት ጊዜ መምህራን የ17 ወር ደመወዝ ሳይከፈላቸው ቀርቶ ጉዳዩ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ፍርድ ቤት ደርሷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በሀዲያ ዞን መምህራን ደመወዛቸው ለወራት ስላልተከፈለ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። እዚያ የነበረ መምህር ባዶ ሆዱን ይዞ ክፍል መግባት ነበረበት ወይስ ቤቱ መቅረት? ሁለቱም ከባድ ነው። በተለይ ተማሪዎቹ ምንም ያላጠፉ መሆናቸው ያንገበግባል። በዚህ ጥያቄ እኛ አራታችን እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ ሁለት ለሁለት ነን።

ከኛ በፊት የነበሩት መምህራን ግን ዝም አላሉም። በ1966 ዓ.ም. «ሴክተር ሪቪው» የተባለ የትምህርት ክለሳ ሊወጣ ነው ሲባል መምህራኑ በአንድ ክፍል የሚታጨቀው ተማሪ እንደሚበዛ፣ ደመወዛቸውም እንደሚጎዳ ተረዱ። ወላጆችም የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ነው ብለው ተቃወሙ። በ1941 ዓ.ም. የተቋቋመው የመምህራን ማኅበር የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ የማቆም አድማ አስጀመረ፤ በዚያው ሰሞን የታክሲ ነጂዎችም በቤንዚን ዋጋ ተነሡ። በቀናት ውስጥ ክለሳው እንዲቆይ ተደረገ፤ ወሩም ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ለቀቀ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ መምህራኑ አስበውት ነበር ማለት አይደለም፤ ያ ሌላ ረጅም ታሪክ ነው። እኛን የገረመን ጊዜው ነው። ቅነሳው ፔሮል ላይ እስኪጻፍ አልጠበቁም፤ ገና ረቂቅ ሳለ ነው የተናገሩት። የአዮ ልጅና ባልደረቦቿ ደግሞ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ዘጠኝ ወር ሊሞላው ሲል።

እርግጥ እነሱ ማኅበር ነበራቸው፤ እሷ ግን የነበራት የሕግ ተማሪ የእኅት ልጅ ብቻ ነው። በዘጠኝ መምህራን ትምህርት ቤት ውስጥ ማን ቀድሞ ይናገራል? የቀደመው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ውሉ ሳይታደስለት ቢቀር አዋጁን ይዞ ፍርድ ቤት መሄድ ይችል ይሆናል፤ ልጁ ግን እስከዚያ ወተት ይፈልጋል። ስለዚህ «ለምን ዝም አሉ» ብሎ ከሩቅ መፍረድ ቀላል ነው። ሆኖም ከሥራ ሳይጋጩም የሚደረግ ነገር እንዳለ ከአዋጁ አይተናል። የይርጋው ቆጠራ የሚቋረጠው ጉዳዩ ለሚመለከተው አካል ሲቀርብ፣ ወይም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ሲያምን ነው። የቃል ልመና አያቋርጠውም። የአዮ ልጅ ገንዘብ ያዡን በየወሩ «ኧረ በናትህ ጠይቅልን» ትለው ነበር፤ እሱም «እሺ» ይላት ነበር። ያ ሁሉ «እሺ» በወረቀት ላይ አንድ መስመር ሆኖ ተፈርሞበት ቢሆን ኖሮ ሦስቱ ወር ባልሞቱ።

በክፍላችን ግድግዳ ላይ አሁን አንድ ደብተር ተሰቅሏል። ገና ደመወዝተኛ ስላልሆንን ከጊምቢ የመጣው ጓደኛችን በየቅዳሜው ለሚያስጠናቸው ልጆች የተቀበለውን ይጽፍበታል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የተነገረው ዋጋ፣ የተከፈለው። አንደኛው ወላጅ ባለፈው ወር 50 ብር ሳይከፍል ቀርቷል፤ ተጽፏል።

በመጨረሻ ከመምህሮቻችን መልስ የምንፈልግበት ጥያቄ አለን። ባለፈው ዓመት ከዚህ ተመርቆ በግል ትምህርት ቤት የተቀጠረ አንድ ልጅ የቅጥር ውሉን አሳይቶን ነበር። ከታች በኩል «ትምህርት ቤቱ እንደ አስፈላጊነቱ ደመወዙን ሊያሻሽል ይችላል» የሚል መስመር አለበት። ልጁ ፈርሟል። «ማሻሻል» ሲባል እሱ የገባው መጨመር ነው። ታዲያ ነገ ቢቀንሱበት ይኼ መስመር በጽሑፍ እንደ መስማማት ይቆጠርበታል ወይ? የሥነ ዜጋ መምህራችንን ጠየቅናቸው፤ «ስምምነት የሚቀነሰውን መጠን ማወቅ አለበት፤ ስለዚህ አይቆጠርም» አሉን። ሌላው መምህራችን ደግሞ «ፊርማ ፊርማ ነው፤ ፍርድ ቤት ነው የሚያውቀው» አሉ። ሁለቱም በሻይ ክበብ ሲከራከሩ የዕረፍቱ ደወል አለፈና ተበታተንን። ከሁለቱ የተለየ ሐሳብ ያለው፣ ወይም እንዲህ ያለ ውል ይዞ ፍርድ ቤት የደረሰ ሰው የሚያውቅ ካለ፣ በአንድ ወረቀት ጽፎ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ይለጥፍልን። ሙጫው በቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ላይ አለ።